ቅጠሉን ያዛወርኩት እኔ ነኝ

ሰኞ ዕለት መምህራችን ጠሩኝና ለግድግዳ ጋዜጣው እንድጽፍ መመረጤን ነገሩኝ። ቀርቶ የነበረው የቤተሰብ የእግር ጉዞ ሊጀመር ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ጽሑፌም ስለ መንገዱ ይሁን አሉኝ። ደስታዬ እንዴት ነበር መሰላችሁ፤ ደብተሬን ዴስክ ላይ ረስቼ ነው እስከ ቤት የሮጥኩት።

ወዲያው ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ሕፃን እንኳ የሚሻገረውን ወንዝ ጻፍኩ። እናቶች ምሳ የሚፈቱበትን ጨፌ ጻፍኩ። ጫካው አፍ ላይ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልባት ሾላ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። እዚያ ያደረግኩትን እስከ ትናንት ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ለእናቴም።

የመጨረሻው ጉዞ ሲደረግ ስድስተኛ ክፍል ነበርን። መንገዱን ያስተማረችኝ ጓደኛዬ ዘሃራ ከፊት እንድትመራ ተመረጠች። ልጆች የያዙት ቤተሰቦች ቀስ እያሉ ከኋላ ይመጣሉ። ሾላዋ ጋ ዘሃራ እንደ አገሩ ልማድ ቅጠላም እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጣ ወደ ቆንጥሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ጣለች፤ «በዚህ አትለፉ» ማለት ነው። እኔ ጫማዬን ልሰር ብዬ ቀረሁ። ጫማዬ ታስሮ ነበር። ቅርንጫፉን አንስቼ በደህናው መንገድ ላይ አጋደምኩት። ለምን? እሷ ከፊት ስለሆነች። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

ቤተሰቦቹ ቆንጥሩ ውስጥ ገቡ። ሕፃናቱ በእሾህ ተቧጭረው እያለቀሱ ወጡ። በማግስቱ ዘሃራ ከአባቷ ጋር ቀበሌ ተጠራች።

«ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?» አሏት ሊቀመንበሩ።

አሻጥር የሚባለው ቃል አባት እንደሚያሳስር ማን ያጣዋል? ዘሃራ አባቷን አየች።

«ስህተት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። መንገዱን አላውቀውም።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። «እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ይረዝማል? አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ባገኟት ቁጥር «ዘሃራ፣ ቤትሽ በየት በኩል ነው?» ይሏታል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ቅርንጫፉን ካነሳው እጄ ይልቅ ያ ሳቄ ያሳፍረኛል።

ትናንት ማሽላ ማሳቸው ውስጥ ወፍ ስትጠብቅ አገኘኋትና ነገርኳት። መጀመሪያ ወፎቹን አባረረች።

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ ቅጠሉን የት እንደጣልኩት አውቃለሁ። ላላወቁት ንገሪያቸው።»

ይኸው ነገርኳችሁ። ስህተት አልነበረም፤ ልጅነትም አልነበረም፤ ሆነ ብዬ ነው። ይቅር በሉኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም።

እሁድ ጠዋት ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ዘሃራን ምሪን ብዬ ለምኛታለሁ፤ «የሚከተለኝ ሰው ካለ» ብላለች። ኑና ተከተሏት።