የእማዬ ቮይስ

እማዬ ወናጎ ናት፣ እኔ ዲላ። መጻፍ ስለማትችል በየቀኑ በቴሌግራም ቮይስ ትልክልኛለች። ሰላምታዋ ግን አያልቅም፤ ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ ጎረቤቶቼን ሳይቀር በየስማቸው ትጠይቃለች። ሥራ ላይ ስለምሆን ፍጥነቱን እጥፍ አድርጌ ነበር የምሰማት። ሰሞኑንማ በዚያ ፍጥነትም እያንዳንዱ ቃሏ ስለሚገባኝ አዲሱን ስልኬን አመሰገንኩ።

ባለፈው እሑድ ከስንት ጊዜ በኋላ ሄድኩ። በር ላይ አቅፋኝ ሰላምታዋን ጀመረች። አንዱን ቃል ብላ ሌላውን እስክታገኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅኳት።

«እማዬ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል?» አልኳት።

አብራት የምትኖረው እህቴ ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ዛሬ? ንግግር ከከበዳት እኮ ሦስት ወር አለፋት። እንዳንነግርህ የከለከለችን ራሷ ናት። ‹ድምፄን በየቀኑ ይሰማ የለ፣ ራሱ ያውቀዋል› እያለች።»