ባዶ ብልቃጥ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መድኃኒት ሳይሆን አንድ ካርቶን ባዶ ብልቃጥ ነበር። ውጭ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ከኪራይ ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ፋርማሲ ውስጥ። አለቃዬ ፋርማሲስቷ ናዲያ ነበረች፤ እኔ ረዳት። «ቫያሎቹን በየመጠናቸው ደርድሪ» አለችኝ።

አገር ቤት ቫያል የምንለው የመርፌ መድኃኒት የሚመጣበትን ትንሽ ጠርሙስ ነው። እዚህ ግን ኪኒን ተቆጥሮ የሚገባበት፣ ክዳኑ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ብርቱካንማ ፕላስቲክ ነው። ሐበሻ ደንበኞቻችን ብልቃጥ ይሉታል፤ እኔም እንደነሱ ብልቃጥ እላለሁ። ናዲያ ደግሞ የማን እንደሆነና አወሳሰዱ ካልተለጠፈበት ዕቃ እንጂ ቫያል አይደለም ትል ነበር። ይህንኑ ስለጥፍ ዓመታት አለፉ፤ ወገቤም እዚያው ቀረ።

ወይዘሮ አስካለን ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ ነው ያመጣቻቸው። የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሁልጊዜ «የኔ ልጅ፣ አንድ ባዶ ብልቃጥ ጣል አድርጊልኝ» ይሉኛል። ብዙ እናቶች ለቅመም ስለሚወስዱ እሰጣቸዋለሁ። ናዲያም እያየች አትከለክለኝም።

ግፊታቸው ግን አልወርድ አለ። ሐኪማቸው መጠኑን እጥፍ አደረገው። አዲሱን መድኃኒት ያስረከብኳቸው ጠዋትም ብልቃጥ ጠየቁኝ።

«እማማ፣ ይሄን ሁሉ ብልቃጥ ምን ያደርጉበታል?»

«አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ለእህቴ ልልክላት ነው።»

«ምኑን?»

«ይሄንኑ መድኃኒት ነዋ! እስከዛሬም እኩል ነው የምንካፈለው።»

ክው አልኩ። አንድ ቀን እየዋጡ አንድ ቀን ይዘላሉ ማለት ነው። ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ ነው መጠኑን የጨመረው።

«እማማ፣ ይሄኛው ከበፊቱ ይበረታል። እርስዎንም እህትዎንም ሊጥላችሁ ይችላል።»

«እዚያ መድኃኒቱ ጠፍቷል። እኔ እዚህ እየዋጥኩ እሷ ትሙትልኝ?»

ለናዲያ ነገርኳት። እሷም ወዲያው ለሐኪሙ ደወለች፤ መጠኑ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ከዚያ በወይዘሮ አስካለ ስልክ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍተን፣ ደብረ ብርሃን ያሉትን እህታቸውን አገኘናቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲለኩ፣ ያልታዘዘላቸውን መድኃኒት እንዳይውጡ ለመንኳቸው።

«እሺ የኔ እናት» አሉኝ በትሕትና። «ለጎረቤቴም እነግራታለሁ።»

«ጎረቤትዎ ምን አገባቸው?»

«እሷም ግፊት አለባት። ከመጣልኝ ላይ አካፍላታለሁ።»

ወይዘሮ አስካለን ቀና ብዬ አየኋቸው። «ታዲያ ለብቻዋ ትዋጠው?» አሉኝ፣ ቅር ብሏቸው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ ከሁሉ በላይ ግን ደከመኝ።

በእኔ ቦታ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። ባዶ ብልቃጥ ስትሰጡ በሌላኛው ጫፍ ማን እንደሚውጥበት አታውቁም። ስለዚህ አትስጡ።