ከመርዶው የቀደመ ማጽናኛ

ከኢስትሊ ወደ ፓርክላንድስ በሚሄደው ማታቱ ታክሲ ውስጥ የሥነ ልቦና ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሳጠና ነው ስልኬ የጮኸው። አገር ቤት፣ አዲስ አበባ ያለች የልጅነት ጓደኛዬ፣ «ስለ እማማ ሰማሁ፣ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ» ብላ ጽፋለች። ደግሜ ሳላነበው መልእክቱ ጠፋ። መርዶ እንዳልተነገረኝ ሰው ነግሯት መሰረዟ ነው።

ለምን እንደደበቁኝ ገባኝ። የኮሌጅ ፈተናዬ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

አመሻሽ ላይ ታላቅ እህቴ ደወለች። ድምጿ ሻክሯል፤ ጉንፋን ነው አለች። እማዬስ አልኳት።

«ተኝታለች። አንቺ ብቻ በርትተሽ ተፈተኚ፣ እየጸለየችልሽ ነው።»

«አሜን። ሳሚልኝ» አልኳት።

ያቺ ቃል አሰረችኝ። ሰምቻለሁ ብል እህቴን ማሳፈር፣ ጓደኛዬን ማስወቀስ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ውሸት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማኅበራችን ሴቶች ሲያገኙኝ ዓይናቸውን ሰበሩብኝ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ለጤናዋ ልጸልይ ወይስ ለነፍሷ፣ ጨነቀኝ። ለሁለቱም ሳልጸልይ ወጣሁ። የማለቅሰው ሻወር ቤት ነበር፣ ያውም ውሃውን ለቅቄ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ አከራዬም ከማኅበራችን ናት።

ፈተናው ላይ፣ ስሜትን አውቆ ማፈንና ሳያውቁ መቅበር በምን እንደሚለያዩ በምሳሌ አስረዱ የሚል ጥያቄ መጣ። የእናቷን ሞት ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ስለምትኖር ሴት ጻፍኩ። ምሳሌው ረዘመብኝ፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ሳልነካው ሰዓቱ አለቀ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የማኅበራችን ሴቶች በሬን አንኳኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበሴን ያወቅሁት ከከፈትኩ በኋላ ነው። አከራዬም አይታዋለች። በዕድሜ የሚበልጡን እናት ቀስ አድርገው ነገሩኝ። ሁሉም አለቀሱ። እኔ ወንበር አመላለስኩ።

«ደንግጣ ነው፣ ተዉአት» አሉ እኚያው እናት።

አልደነገጥኩም። ዘጠኝ ቀን ያፈንኩት እንባ ሲፈቀድለት እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ያን ዕለት ማለዳ ቤቴ የነበራችሁ፣ ልበ ደረቅ ናት ብላችሁ ብትሄዱ አልቀየማችሁም። እውነቱ ይኸው ነው፤ ስላስመሰልኩባችሁ ይቅር በሉኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ ኑልኝ። መርዶው ይቅር፤ ስሟን ብቻ ጥሩልኝ። ወንበሩን ግን እናንተው አምጡ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ላልቅስ።