የገብስማዋ የመጨረሻ እንቁላሎች

ፍቅርአዲስ ከኩዌት ስትመለስ፣ ሰፈርተኛው ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ትከፍታለች ብሎ ነበር የጠበቃት። እሷ ግን ደብረ ታቦር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየችና የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን አስገባች። ማሽኑ ከፊት መስታወት አለው፤ ከጀርባው ደግሞ አየር የሚመላለስባቸው ቀዳዳዎች። አከራይዋ አቶ ደሳለው በደጇ ባለፉ ቁጥር፣ «ይቺ ዶሮሽ ዛሬም ጥሬ አልበላችም?» ይሏታል።

«የእኔዋ የምትበላው መብራት ነው» ትልና በሩን መለስ ታደርገዋለች። ሰው ጠልታ አይደለም፤ ብቻዋን መዋል ለምዳ ነው።

ሥራውን እንደጀመረች አንዲት ጫጩት ቅርፊቷን በስታ ዝም ብትልባት፣ አሳዝናት እንደ ብርቱካን ላጠቻት። ጫጩቷ ደምታ እጇ ላይ ሞተች። ጫጩት ቅርፊቷን ከበሳች በኋላ ዝም የምትለው አስኳሉን ወደ ሆዷ፣ በስሱ ሽፋን ላይ ያለውንም ደም ወደ ገላዋ እስክትስብ መሆኑን ያወቀችው ከዚያ ወዲህ ነው። እጇን ሰብስባ መጠበቅ ተማረች።

በዚህ ዓመት ፈንግል የሚሉት በሽታ ጉና ተራራ ላይ ዶሮ ፈጀ። ጉና ያሉት እማማ እቴነሽ፣ ፍቅርአዲስን ያሳደጓት አክስቷ፣ በግቢያቸው የምትጭር አንዲት ዶሮ እንኳ አልቀረቻቸውም። ዶሮዎቻቸው ብርድ የማይበግራቸው ገብስማ ነበሩ፤ እማማ ሲዳሩ ከእናታቸው ቤት ይዘዋት የመጡት ዶሮ ዘር። የመጨረሻዋ ገብስማ በሽታው ሳይደርስባት የጣለቻቸውን እንቁላሎች እማማ በቅርጫት፣ ገብስ ውስጥ ቀብረው፣ እስከ ገሳይ ከተማ በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና ታቅፈው አመጡላት።

«እነዚህ ካልሆኑ ዘሩ አለቀ» አሉ። «ከእናቴ እጅ የቀረኝ ይኸው ነው።» ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይህ ሣጥን ምን ያውቃል?»

«ሙቀት ያውቃል፣ እማማ።»

«ሙቀትማ ምድጃም ያውቃል።»

አላመኑትምና እስኪፈለፈል ሊጠብቁ እዚያው ከረሙ። በማሽኑ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ባዘቷቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥጥ ይፈትላሉ። እንቁላሎቹ ሲገላበጡ ባዩ ቁጥር «እሰይ» ይላሉ፤ እሰይ የሚሉት ለእንቁላሎቹ እንጂ ለማሽኑ አይደለም።

ጫጩቶቹ ቅርፊቱን መብሳት በጀመሩበት ጠዋት ፍቅርአዲስ መኖ ልትገዛ ወጣች። ስትወጣ ጭውጭውታቸው ከደጅ ይሰማ ነበር። ስትመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። መስታወቱ በላብ ተሸፍኗል። ጠርጋ ብታይ፣ በቅርፊቱ ቀዳዳ የወጡት ትንንሽ አፎች ተከፍተው ያለከልካሉ።

ሙቀቱን አየች፤ ልክ ነው። ውኃውን አየች፤ አልጎደለም። እጇን ወደ ጀርባው ብትሰድ ጋቢ ነካች። ጋቢውን ስትገፍፈው፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በባዘቶ ተወትፈዋል።

«እማማ፣ ይህን ማን ወተፈው?»

«እኔ ነኛ። ነፋሱ እጄን ሲመታኝ ጊዜ ነው። የአራስ ቤት ቀዳዳው ይደፈናል እንጂ ይከፈታል?»

«የሚተነፍሱበት እኮ ነው።»

እንዝርቱ ቆመ።

ፍቅርአዲስ ባዘቶውን አንድ በአንድ ነቅላ አወጣች። አየሩ ሲገባ ከፊሎቹ ጫጩቶች ነፍስ ዘሩ፤ ከፊሎቹ ግን አልተመለሱም። የተረፉትም ደክመዋል። ደረቅ አየር ሲነካው ስሱ ሽፋን ክንፋቸው ላይ ተጣብቆ እንደ ብራና ደርቋል፤ ቢታገሉም ቅርፊቱን ዞረው የመስበር አቅም የላቸውም።

«አውጫቸው እንጂ፣ ምን ታያለሽ?»

«አሁን ብልጣቸው ይደማሉ።»

«ዝም ብትያቸውስ?»

ዝም ብትላቸውም ይሞታሉ። ፍቅርአዲስ ለብ ያለ ውኃ አቀረበች። ከተነቀለው ባዘቶ ንጹሑን መርጣ ነከረችና የደረቀውን ሽፋን አራሰችው። እማማ እንቁላሉን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ያዙላት። ከቅርፊቱ ትንሽ ታነሳለች፣ ታያለች። ቀይ ጅማት ከታየ እጇን ትሰበስብና ወደ ማሽኑ ትመልሰዋለች፤ ሌላውን ታነሳለች። ቀዩ ሲጠፋ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። እማማ ቁርስም ምሳም አላነሱ። አንዴ ብቻ፣ «እኔ በእጄ ልጨርሳቸው ነበር» አሉ።

«ለእነሱ ብለው ነው» አለቻቸው፣ ዓይኗን ከእንቁላሉ ሳትነቅል።

ከመጡት እንቁላሎች በሕይወት የወጡት ሦስት ጫጩቶች ብቻ ናቸው። አንዷ እግሮቿ ወደ ግራና ቀኝ ተበልቅጠው መቆም አቃታት። እማማ ይህን ያውቁበታል። ከዚያው ባዘቶ ክር ፈተሉና ሁለቱን እግሮቿን መራመጃ ያህል አስተርፈው አያይዘው አሰሩላት። ወድቃ፣ ተነስታ፣ ማታ ላይ ቆመች።

«ሴት አለችባቸው?»

«ገና አይለይም።»

ጉና ላይ በሽታው ስላልጠፋ፣ እማማ ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን መዳፋቸውን ወደ ማሽኑ ጀርባ ልከው ነፋሱን ዳሰሱ።

ከዚያ ወዲህ ስልክ በደወሉ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ቀዳዳው ክፍት ነው?» ይላሉ። ጫጩቶቹ ላባ አውጥተው፣ የሁለቱ የአናታቸው ኩክኔ ቀልቶ የአንዷ አነስ ብሎ በቀረ ጊዜም እንዲሁ ብለው ጀመሩ።

«ክፍት ነው፣ እማማ። ሴት አለችባቸው፤ ያቺ እግሯን ያሰሩላት። ገብስማ ናት።»



«በይ እንግዲያ ክሩ እንዳይጠብቅባት፣ ፍቺላት።»

«ድሮ ፈታሁት እኮ፣ እማማ።»