የበርናባስን ካርዶች የምትጫወተው ልጅ

ግንቦት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. መብራት ስለጠፋ፣ ወንድሜ በርናባስ የጀመረው የኮምፒውተር ካርድ ጨዋታ ሳያልቅ ቀረ። በማግስቱ ታመመ፤ በሳምንቱ ሞተ።

አብራው ትጫወት የነበረችውን ልጅ ቀበና ድልድይ አጠገብ ባለው ኢንተርኔት ቤት አገኘኋት። ስሟን አልጠየቅኋትም። የቡኒ ሹራቧ እጅጌ በልብስ ሳሙና ነጥቷል፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጫወታለች። የምትጫወትባቸው ካርዶች ወንድሜ ከሁለት ዓይነት ካርድ መርጦ የቀላቀላቸው ናቸው። እየተመታች ትታገሳለች፤ የሚደጋገፉት ሦስት ካርዶች እጇ ሲገቡ በአንድ ተራ ታሸንፋለች።

"ሲሸነፍ ምን ይል ነበር?" አልኳት።

"ኧረ እትዬ፣ ማውሱን ነበር የሚሰድበው! 'አንተ ከሃዲ' ይለዋል" ብላ ሳቀች።

እኔ ጋ ቀልዶ አያውቅም።

መብራት በድንገት ስለሚሄድ እያንዳንዱን ተራ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጣለውን ካርድ፣ እሱ የተናገረውን ጭምር። ከግንቦት 12 በኋላ፣ መሞቱን እስክነግራት ድረስ፣ በየቀኑ "አልመጣም" ብላ ጽፋለች። እኔ ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ስለ ወንድሜ አንድ ገጽ የለኝም። ቀናሁባት።

"ደብተሩን ስጪኝ፤ እህቱ እኮ ነኝ።"

"እርሱስ ልክ ነዎት" አለች። ከዚያ ተነስታ ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሃያ ሁለቱንም ገጽ አስገልብጣ፣ በስቴፕለር አስመትታ አመጣችልኝ። ዋናውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋች።