የረዳቱ ወንበርና ትንሹ ፓምፕ

ፀጉር ቆራጩ ሁለት ወንበር ነበረው፤ ደንበኛ የሚቀመጠው ግን በአንዱ ነው። ሁለተኛው የረዳት ነው ይላል። ረዳቱ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ «በቅርቡ» ይቀጠራል። ወንበሩ ላስቲኩ ሳይወልቅ፣ የሰው መቀመጫ ሳያይ አረጀ።

ሌላው ክብሩ የዓሣ ገንዳው ነው። መንገደኛ አንጋጦ እንዲያይለት ከመስታወቱ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ብረት መደርደሪያ ላይ አውጥቶታል። ውሃው በቱቦ ወለሉ ላይ ወዳለው ማጣሪያ በርሜል ይወርዳል፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ፓምፑ ከቆመ ዓሦቹ አየር ያጥራቸዋል።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑም የፀጉር ማሽኑም የሚሠሩት በአንድ አሮጌ የመኪና ባትሪ ነው። ፓምፑ ደግሞ ጉልበተኛ ነው፤ «ትልቁን ስጠኝ» ተብሎ የተገዛ። አንድ ቀን መብራት ሄደ፤ ፓምፑ ባትሪውን ጠጥቶ ጨረሰው፤ ማሽኑም የጎረቤት አስተማሪ ራስ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ምነው ቆምክ?»

«ዓሦቹ ባትሪውን ጨረሱት ጋሼ።»

«እና በግማሽ ራስ ክፍል ልግባ?»

«ኮፍያ አለኝ።»

«ኮፍያህን ለዓሦችህ አልብሳቸው!»

ቆራጩ በርጩማ ላይ ወጥቶ የበርሜሉን ውሃ በጣሳ ወደ ገንዳው ሲያፈስ ዋለ። ሁለት ዓሣ ሞተበት። ሚስቱ በር ላይ ቆማ አየችው። «ለእኔ አንድ ባልዲ አንስተህልኝ አታውቅም» አለች።

በማግስቱ ፓምፕ ሊመርጥ ገበያ ወረደ። ትልቅ ሲወድ የኖረ ሰው ጸጸት ሲይዘው ትንሽ ያመልካል፤ ካርቶኖቹን አገላብጦ ዋቱ ከሁሉ ያነሰውን አነሳ። «በሰዓት አንድ ሺህ ሊትር» የሚለውን አየና በቃው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ከፍታ ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል፤ ከአንድ ሜትር በላይ አይገፋም» ይላል። ደቃቅ ፊደል ማንበብ ለእሱ ውርደት ነው።

ሰካው። ውሃው በቱቦው ወጣ ወጣና መስታወቱ አጋማሽ ላይ ቆመ። ቆራጩ ቱቦውን መታው፣ ነቀነቀው፣ ለመነው።

«ውሃው ካንተ ይሻላል» አለች ሚስቱ፤ «አቅሙን ያውቃል።»

ትልቁ ፓምፕ ከተመለሰ ባትሪው ያልቃል፤ ትንሹ እንደተሰካ ከቆየ ዓሦቹ ያልቃሉ። ገንዳው ዝቅ ይበል ቢባል ከታች ቦታ የለም። ቦታ የለም ማለት ላስቲክ የለበሰውን ወንበር ማንም ደፍሮ አይነካውም ማለት ነው።

«የረዳቱ ነው እኮ» አለ፣ ዓይኑ ወንበሩ ላይ እንደተተከለ።

«ረዳትህ ሳይቀጠር ጡረታ ወጥቷል።»

ቆራጩ መፍቻውን አምጥቶ የወንበሩን ብሎኖች ፈታ። ገንዳው በወንበሩ ቦታ አጭር ጠረጴዛ ላይ አረፈ፤ ትንሹ ፓምፕም ያለ ጭንቀት ውሃውን ይመልስ ጀመር።

አስተማሪው ፀጉሩ ካደገ በኋላ ተመለሰ፤ መብራቱም ቀጠሮ እንዳለው ሁሉ ጠፋ። ማሽኑ ግን መጮኹን አልተወም።

«ረዳቱ የታለ?» አለ አስተማሪው።

ቆራጩ በመቀሱ ገንዳውን አመለከተ። «ቀጥሬአቸዋለሁ። ሥራ አይችሉም፤ ግን አያወሩም።»

«እንግዲያ ደሞዛቸውን ካንተ ላይ ቁረጥላቸው።»

አስተማሪው ሙሉ ራስ ይዞ ወጣ። ከመንገድ አንጋጦ የሚያይ የለም፤ የሚታይም የለም። ወንበሩን ሚስቱ ወደ ቤት አስወሰደችው፤ ላስቲኩን ገፈፈችና ተቀመጠችበት።