ጋቢ የለበሰችው ፒካፕ

የያዙኝ ጎንደር፣ ጋራዤ ውስጥ፣ መኪና ሥር ተኝቼ ነው። በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። «የማይሆን ሰው መኪና ጠግነሃል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ባለመኪናውን ማን ነህ ብዬ አላውቅም፤ የምጠይቀው ሞተሩን ነው። ይህንኑ ብናገር ካቴናው ጠበቀብኝ እንጂ የሰማኝ የለም።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ፣ የገብስ አቧራ የሚሸት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ውስጥ ከተቱኝ። ብርዱ አያድርስ ነው። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ገበሬ ጋቢያቸውን ገልጠው «ና ግባ፣ ለሁለት ይበቃል» አሉኝ። ሁላችንም አያ እንላቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አያ ሽንት እምቢ አላቸው። ሆዳቸው ተወጠረ። «ሸጋ ነኝ፣ ሸጋ ነኝ» ይላሉ፣ ላባቸው ግን ይንቆረቆራል። በሩን ደበደብን። የጣቢያው አዛዥ አይቷቸው ደነገጠና ጎንደር ሆስፒታል ይወሰዱ አለ። ያን ሰሞን የሕዝብ መኪና መንገድ ላይ ስላልነበረ ያለችው የጣቢያው አሮጌ ፒካፕ ብቻ ናት። አሳፍረዋቸው ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ፒካፗ ዳገቱ ላይ ተንተፋትፋ እምቢ ብላ፣ አያን እንደጫነች ተመለሰች።

ሾፌሩ ግቢው ውስጥ ሲያስነሣት ድምጿን በመስኮት ሰማሁ። አላስቻለኝም።

«በሦስት ፒስቶን ነው የምትሠራው! ካርቡራተሩን አትነካካው!» ብዬ ጮህኩ።

አዛዡ በሩን ከፈተ። «አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ሰውየው እየሞቱ ነው። ፍታኝና ልሥራት።»

«በካቴናህ ሥራ።»

«የታሰረ እጅ ሞተር ውስጥ አይገባም። ወይ ፍታኝ፣ ወይ ተሸክማችኋቸው ጎንደር ግቡ።»

አያ ከመኪናው ውስጥ አቃሰቱ። ፈታኝ።

ሞተሩ እየሠራ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያደርሱትን ገመዶች በየተራ እየነቀልኩ መለስኩ። አንዱን ስነቅል ሞተሩ ይብስበታል፤ ያ ደህና ነው። ሌላውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ብነቅለው ድምፁ ፍንክች አላለም። አገኘሁሽ አልኩ!

«ካንዴላውን ትናንት ቀይሬዋለሁ እኮ» አለ ሾፌሩ።

«ካንዴላው ምን በወጣው! እሳቱ ነው ሳይደርስበት መንገድ ላይ የሚያመልጠው።»

ገመዱ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ ግን በዚያ ፀሐይ ማን ያያል? «ጨለማ ፈልጉልኝ፣ ጋቢ አምጡ!» አልኩ። አያ የራሳቸውን አውልቀው በመኪናዋ መስኮት አቀበሉኝ።

«እንካ። ዘይት ብታስነካው ግን ከመቃብርም ቢሆን ተነሥቼ እመጣብሃለሁ!»

ፖሊሶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ሁለት እስረኛና ሁለት ፖሊስ ጋቢውን ኮፈኑ ላይ ወጥረው ያዙልኝ። እኔና አዛዡ ጭንቅላታችንን ከሥሩ አስገባን። ጨለመ። ሰማያዊ ብልጭታ ከገመዱ ወደ ብረቱ ጠጥ፣ ጠጥ ይላል።

«ያውልህ» አልኩት።

ሞተሩን አስጠፍቼ ስንጥቁን በአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ጠቀለልኩ፤ ገመዱንም ከብረቱ አርቄ አሰርኩት። አስነሡ። አራቱም ፒስቶን ገቡ፣ ያለ አንዳች ማስነጠስ! ፒካፗ ዳገቱን ስትወጣ ሁላችንም ቆመን አዳመጥን። ዳገቱን ጨርሳ ድምጿ ሲርቅ ከክፍላችን እልልታው ቀለጠ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል?

አዛዡ ካቴናውን ይዞ መጣ።

«መጀመሪያ እጄን ልታጠብ» አልኩት።

ዞር ብሎ ሰው ፈለገ፤ የለም፣ ሁሉም ዳገቱን እያዩ ነው። ጀሪካኑን ራሱ አነሣና አስታጠበኝ። አልቸኮልኩም። በሳሙና ጥፍሬን ሳይቀር ፈተግሁ፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ያፈሳል።

«አሁንም የመጣውን ሁሉ ትጠግናለህ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የመጣውን ሁሉ። ይኸው የእናንተንም ጠገንኩ።»

ንጹሕ እጄን ዘረጋሁለት። ካቴናውን ኪሱ ከተተና በሩን ከፈተልኝ። በራሴ እግር ገባሁ።

በኋላ «ማስረጃ አልተገኘም» ብለው ለቀቁኝ። ዛሬ ጋራዤ ክፍት ነው። አያም ድነው ተፈትተዋል፤ ጎንደር ገበያ በመጡ ቁጥር ያቺን ጋቢ ለብሰው ብቅ ይላሉ። ጫፏ ላይ ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ አለ፤ ለደንበኞቼ እየገለጡ ከስሰውኝ ነው የሚቀመጡት። ባለፈው ጊዜ በረኪና ልግዛልዎት ብላቸው ተቆጡ።

«ምነው? ማስረጃዬን ልታጠፋብኝ?»